የሁለቱ እርግቦች ዕቅድ

ሹፌሩ ጡረታ ሲወጣ የተመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከእንግዲህ የትም አለመሄድ። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሯልና፣ በገዛ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ አላፊ አግዳሚውን ማየት አማረው። ያላሰበው ነገር ቢኖር ሚስቱም በዚያው ዓመት ጡረታ እንደምትወጣ ነው። ሚስቱ የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የዕቅድ ክፍል ኃላፊ ነበረች። መሥሪያ ቤቱ በአበባና በጭብጨባ ሸኛት፤ ዕቅዱ ግን አብሯት ቤት ገባ። በሌለችበት ባሏም ጎረቤቱም «ኃላፊዋ» ነበር የሚላት።

አንድ ቀን ቁርስ ላይ ጉሮሮዋን ጠረገች። ጉሮሮዋን ከጠረገች ስብሰባ ነው።

«የእህቴ ልጅ ልታገባ ነው። ስጦታችን ከሱቅ የተገዛ አይሆንም። በካንቫስ ላይ በሱፍ ክር ጥልፍ እንሠራላታለን። ሁለት ነጭ እርግቦች፣ ቅርንጫፍ ላይ፣ ፊት ለፊት እየተያዩ።»

«እንሠራለን?» አለ ሹፌሩ።

«አንተ የክር ጉዳይ ተጠሪ ነህ።»

ሹፌሩ ሹመቱን በጸጋ ተቀበለ። እምቢ ቢል ምክንያቱን በጽሑፍ እንደምትጠይቀው ያውቃል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የምግብ ጠረጴዛው የምግብ መሆኑ ቀረ። ባልና ሚስት ሳህናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መብላት ጀመሩ። ጠረጴዛው ላይ ካሬ ካሬ መስመር ያለው ወረቀት ተዘረጋ፤ እያንዳንዷ ካሬ አንድ የመርፌ ስፌት ነች። ቀጥሎ የካንቫሱ ጉዳይ መጣ። ካንቫስ እንደ ወንፊት ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ደረቅ ጨርቅ ነው፤ ቀዳዳው ሲጠብ ሥዕሉ ይጠራል፣ ዓይን ግን ይደክማል።

«ለእኛ ዕድሜ ሰፊው ይሻላል» አለ ሹፌሩ።

«ሐሳብህ ተይዟል» አለችና ጠባቡን መረጠች። ሰንበት ብላ ደግሞ ሰፊውን ይዛ መጣች።

«እኔስ ያልኩት ይህን አልነበር?»

«ያንተ ግምት ነው፤ የእኔ ጥናት ነው።»

የክሩ ነገር ከሁሉ ባሰ። ባለሱቁ ነጭ ክር ሲያቀርብላት የቱ ነጭ እንደሆነ ጠየቀችው፤ የወተት ነው፣ የጥርስ ነው፣ የኖራ ነው?

«እትዬ፣ ነጭ ያው ነጭ ነው» አለ ሰውየው።

«በመሃል ቢያልቅብንስ? በኋላ የምንገዛው በሌላ ጊዜ የተነከረ ስለሚሆን አይመሳሰልም። መጀመሪያ አንድ ስንዝር ካንቫስ ምን ያህል ክር እንደሚበላ ማወቅ አለብን።»

እውነቷን ነበር። ነገሯ እውነት መሆኑ ነው ሰውን የሚያንገበግበው። ባለሱቁ ከዚያ ወዲያ ከሩቅ ሲያያት፣ ጠዋትም ቢሆን፣ «ምሳ ወጥቻለሁ» የሚለውን ሰሌዳ መስቀል ለመደ።

ቀዩ ክር ለቅርንጫፉ ፍሬዎች ነበር። ቀለም ይለቅ እንደሆነ ለማየት ለብ ባለ ውሃ ዘፈዘፈችው። መልቀቁ የታወቀው የሹፌሩ ነጭ ሸሚዝ አብሮ ተዘፍዝፎ ስለነበር ነው።

«ሙከራው ተሳክቷል» አለች ሮዙን ሸሚዝ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ እያየች።

የሙሽራዋ እናት፣ ታናሽ እህቷ፣ ሥራው የት እንደደረሰ ልታይ ብቅ አለች። ኃላፊዋ ወረቀቱን፣ ዳር ዳሩ እንዳይተረተር በፕላስተር የተለበጠውን ካንቫስ፣ በየቀለሙ የተደረደረውን ክር አስጎበኘቻት።

«ዋው!» አለች እህቷ። «ግን እትዬ፣ መርፌ የነካው የቱ ጋ ነው?»

«የዝግጅት ምዕራፉ ገና አልተዘጋም። ሲቸኩሉ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

«ያልታጠቁትስ? በዚህ ዓይነት እኮ ስጦታው ለልጅ ልጄ ሠርግ ነው የሚደርሰው!» ብላ እየሳቀች ወጣች። ኃላፊዋ አልሳቀችም። ያን ቀን ወረቀቱን እንደ አዲስ ስትስል ዋለች።

ሠርጉ እየተቃረበ ሳለ የድሮ መሥሪያ ቤቷ ለአዳዲስ ሠራተኞች ሥልጠና እንድትሰጥ ወደ ሌላ ከተማ ጠራት። የሥልጠናው ርዕስ «ከዕቅድ ወደ ተግባር» ይል ነበር። ቦርሳዋን አዘጋጅታ፣ ባሏን «ምንም እንዳትነካ» ብላ ሄደች።

ሹፌሩ ምንም አልነካም፤ እስከ ማግስቱ። ቤቱ ጭር አለበት። ክሮቹ ጠረጴዛው ላይ ሆነው ያዩታል። አንዷን ብቻ ልሞክር ብሎ መርፌውን በአንዱ ቀዳዳ አወጣና በሰያፍ ወደሚቀጥለው አስገባ። ደስ አለው። ደገመ። ከዳር እስከ ዳር ሄዶ መመለስ፤ ልክ እንደ አውቶቡስ መስመሩ፤ ግን የሚነጫነጭ ተሳፋሪ የለም፣ «ወራጅ አለ!» የሚል የለም። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

ችግሩ ካሬዎቹን መቁጠር መርሳቱ ነበር። የመጀመሪያዋ እርግብ ጅራት ከካንቫሱ ሊወጣ ሲል ወደ ላይ ቆለመመው። ሁለተኛዋ ሆዷ እየሰፋ ሄደ። አንገታቸው ራቁት እንዳይመስል ብሎ ቡናማ ክር ጣል ጣል አደረገበት፤ ቀይ ክሩም ሳያምረው ስላልቀረ አናታቸው ላይ ትንሽ ጨመረ። ሁለተኛዋን ጨርሶ ክሩን በጥርሱ ሲበጥስ ኃላፊዋ ቦርሳዋን ይዛ በር ላይ ቆማለች። እጅ ከፍንጅ ተያዘ።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«እርግቦች።»

«ዶሮዎች ናቸው።»

«ራቅ ብለሽ ስታያቸው…»

ራቅ አለች። «ከዚህም ዶሮዎች ናቸው።»

ሹፌሩ ነጎድጓዱን ጠበቀ። አልመጣም። ሚስቱ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ተቀመጠችና ጣቷን በዶሮዎቹ ጀርባ ላይ ሄድ መለስ አደረገች።

«ዝም ብለህ ጀመርከው?»

«ዝም ብዬ።»

«አልፈራህም?»

«ምኑን? ክር እኮ ነው።»

«እኔ ያቀድኩትን ሁሉ የሠራው ሌላ ሰው ነው» አለች ቀስ ብላ። «ሲበላሽም ያበላሸው ሌላ ሰው ነው። ይሄኛውን ግን በገዛ እጄ ልሠራው ነበር። ያልተጀመረ ነገር ደግሞ አይበላሽም።»

በትዳር ዘመናቸው ሁሉ እንዲህ ስትናገር ሰምቷት አያውቅም። መርፌውን አቀበላት። «ሰማዩን አንቺ ሥሪው። ሰማይ ማንም አያበላሸውም።»

አበላሸችው። የመጀመሪያውን መስመር አላላችው፤ ሁለተኛውን ከመጠን በላይ ሳበችና ካንቫሱ ተኮማተረ። ተሳደበች፣ ፈታችው፣ እንደገና ወጋች፣ ጣቷን ወጋች፣ ከዚያ ዓይኗ እስኪያለቅስ ሳቀች። ሹፌሩ ክር እያቀበላት አብሯት ሳቀ። ጨርሰው ሲያዩት ሰማዩ እንደ ባሕር ማዕበል ነበረው።

በነጋታው ግን ያው ኃላፊዋ ነበረች። «የተከለሰ ዕቅድ» የሚል ወረቀት ከበሩ ጀርባ ተለጠፈ፤ በወረቀቱ መሠረት ከመጀመሪያውም የታሰበው ዶሮ ነበር።

በሠርጉ አዳራሽ ስጦታው ሲገለጥ እንግዳው እርስ በርሱ ተያየ። ኃላፊዋ ተነሥታ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እርግብ በር ከተከፈተላት ትበራለች። ዶሮ ግን የትም ውላ ሲመሽ ወደ ቤቷ ትገባለች። ትዳር የሚያስፈልገው የትኛዋን ነው?»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አንድ የድሮ አለቃዋ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ።

«ዶሮ እኮ ትታረዳለች፣ እትዬ» አለች እህቷ በጆሮዋ።

«ዝም በይ!»

ሙሽራው ብቻ ካንቫሱን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ሲመረምር ቆየ። «ሁለቱም እንስት ናቸው እንዴ? እኔ የታለሁ?»

ኃላፊዋ ዞራ ባሏን አየች። ሹፌሩ ጠጋ አለና፣ «ይሄኛው» አለው፣ ወፍራሙን በጣቱ እያሳየ፣ «የአናቱ ቀይ ትንሽ ረዘም ይላል፣ አታይም?»

ጥልፉ ዛሬ የሙሽሮቹ ሳሎን ውስጥ በሩ ፊት ለፊት ተሰቅሏል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሙሽራው ከወንበሩ ይነሣና ወፍራሟን ዶሮ እያሳየ፣ «ይሄ እኔ ነኝ» ይላል።