የካሳሁን ጉም

ኅዳር 10 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። የባለቤቴ የካሳሁን ሠልስት ነበር። ሱሉልታ በጉም ተሸፍናለች፤ ከድንኳኑ ሆነን የገዛ አጥራችንን ማየት አልቻልንም።

ካሳሁን ከሱሉልታ አዲሱ ገበያ በራሱ ሚኒባስ የሚሠራ ሾፌር ነበር። ቅዳሜ ማታ ከሥራ ገብቶ፣ ደከመኝ ብሎ ጋደም አለ። አልተነሳም።

«ትናንት እንዲያ ዘንቦ፣ ሌሊቱን ኮከብ ሞልቶ አድሮ፣ ይሄ ጉም ከየት መጣ?» አለች ጎረቤቴ።

በሩ አጠገብ የተቀመጠች ልጅ ቀና አለች። ሐኒ ትባላለች፤ አዲሱ ገበያ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ጠዋት ጠዋት ጋቢና የምትቀመጠው እሷ መሆኗን ሰው ነግሮኝ ነበር።

«ካሳሁን ቢኖር፣ ኮከቡ ስለሞላ ነው ይል ነበር» አለች። «ደመና ለመሬት ብርድ ልብሷ ነው። ሌሊት ደመና ከሌለ ሙቀቷ ወደ ላይ ያመልጣል። የራሰው ሜዳ ሲቀዘቅዝ በላዩ ያለው እርጥብ አየርም ይቀዘቅዝና ውሃው ደቃቅ ጠብታ ይሆናል። የመኪናውን መስታወት ያሳየኛል፤ ‹ይኸው፣ ትንፋሻችን ቀዝቃዛ መስታወት ሲነካም እንዲሁ ነው› ይለኛል። እኔ በሻርፑ እጠርግለታለሁ።»

ሻርፑን የገዛሁለት እኔ ነኝ።

እንባዬ ቆመ። ከእኔ የበለጠ አልቅሳ እንደሆነ ዓይኗን አየሁ። በትዳራችን ዘመን ሁሉ ስለ ጉም አንድ ቃል ነግሮኝ አያውቅም። ማታ ሲገባ ድምፁ ተዘግቶ ነው። ብርድ መትቶት ነው እያልኩ ዝንጅብል አፈላለታለሁ፤ ይጠጣል፣ በእጁ ምልክት ያመሰግነኛል፣ ይተኛል።

«ለአንቺ ብቻ ነው እንዲህ የሚያጫውትሽ?» አልኳት። ሰው ቢሰማም ግድ አልሰጠኝም።

ልጅቷ ደነገጠች። «ኧረ እትዬ ገነት! እኔ እኮ መኪና ስለሚያዞረኝ ነው ጋቢና የምቀመጠው።»

ወተት ነጋዴው ኦቦ ባጫ ጣልቃ ገቡ። «ያ ዋቃ! ለእሷ ብቻ? እኛ ከኋላ ያለነው ጆሮ የለንም እንዴ ልጄ? በጉም ቀስ ብሎ ሲነዳ ‹ንዳው እንጂ፣ ረፈደብን!› እያልን እንጮህበታለን። ወሬውን የሚጀምረው ያኔ ነው።»

«‹ነፋስ ቢኖር ደረቅ አየር አምጥቶ ይበትነው ነበር›» አለ አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ የካሳሁንን አነጋገር አስመስሎ።

«‹ሱሉልታ ግን ጎድጓዳ ናት፤ ቀዝቃዛው አየር ከተራራው ወርዶ ይተኛባታል›» ቀጠለች ሌላዋ።

«‹ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቅ እኔን ታገሱኝ፤ ለፀሐይ ደውዬላታለሁ!›» አሉ ብዙዎቹ በአንድ አፍ።

ሳቁ። በሠልስቱ ሳቁ። ካሳሁን እንደዚያ እንደሚቀልድ አላውቅም ነበር። በአንዲት ልጅ መቅናት ቀላል ነው፤ ጠልተሻት ትኖሪያለሽ። በመኪና ሙሉ ሰው እንዴት ይቀናል? እኔ ቀናሁ። ለካ ድምፁን እነሱ ጨርሰው ነው ዝም ያለውን ሰውዬ ወደ እኔ የሚልኩት።

«ሌላስ ምን ይላችኋል?» አልኳቸው።

ጉሙ እስኪገለጥ ድረስ ነገሩኝ። አንዳቸውንም አላመሰገንኩም።

ሲሄዱ ኦቦ ባጫ እጄን ይዘው «መኪናውን አደራ ከዚህ መስመር አታውጪብን። እሱን እያሰብን እንሄድበታለን» አሉኝ።

በጥር ወር በሰንዳፋ መስመር ለሚሠራ ሰው ሸጥኩት።