ሐኪሙ ያላለው

«ሐኪሙ ግን ምን ነበር ያለው?» ሲል ታላቅ ወንድሟ ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀ።

ልጅቷ የያዘችውን የሻይ ትሪ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ወንድሟ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። የደረሰው አባታቸው ከተቀበረ በኋላ ነበር፤ ይኸው ሁለት ቀን ሙሉ ከለቀስተኞቹ መሃል ተቀምጦ ይህንኑ ይጠይቃል።

«ይሻለዋል ነው ያለው። እህትህ አይደለች የተረጎመችልን?» አለች እናታቸው።

«ይሻለዋል የተባለ ሰው በሦስተኛው ቀን ይሞታል? እኔኮ እሱን በስልክ ሰምቼ ነው ጭነቴን ይዤ መንገዴን የቀጠልኩት!»

ልጅቷ ወደ ጓዳ ሸሸች።

አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ላይ ከግማሽ በላይ አግኝታ አታውቅም፤ ቤት ስትገባ ግን ፊልም በፊልም ላይ ነው። ልብስ ሰፊው አባቷ «ይቺ ስልክ ዓይንሽን ልታጠፋው ነው» እያለ ሲቆጣት ኖሮ፣ አንድ ቀን ከተዋንያኑ እኩል ስታወራ ሰምቷት መቀሱን አስቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ደንበኛ በመጣ ቁጥር «የኔ ልጅ እኮ እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ ነው የምትጠጣው» ይል ጀመር።

ስለዚህ አባቷ ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ፣ ቋንቋቸውን የማይችለው የውጭ አገር ሐኪም አልጋው አጠገብ ሲቆም፣ ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ሐኪሙ ይፈጥናል። ያኔ ነው የገባት፤ ለካ ያን ሁሉ ፊልም ያየችው ከሥር የሚጻፈውን ትርጉም እያነበበች ነው። ከሐኪሙ አገጭ ሥር ደግሞ ምንም አልተጻፈም። አንድ ቃል ብቻ ለቀም አደረገች፦ ኮምፈርተብል። በፊልም፣ እንግዳ ቤት ሲገባ «ይመችህ» ለማለት የሚባል ነው።

«እንዲመቸው ይደረጋል… ይሻለዋል» አለች። እናቷ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ቃሉ ለማይድን በሽተኛ ሲባል፣ ሥቃዩን ከማስታገስ በቀር የሚደረግ የለም ማለት መሆኑን ያወቀችው ከቀብሩ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር፣ ከሆስፒታሉ ሰው መጥቶ የሚያጋልጣት ይመስላታል።

አሁንም ተንኳኳ። የገባችው አባቷን ስትከታተል የነበረችው የሆስፒታሉ ነርስ ናት። እናቷን አቅፋ አልቅሳ፣ ውሃ ለመጠጣት ወደ ጓዳ መጣች።

«ሲስተር፣ በናትሽ እንዳትነግሪያቸው» አለች ልጅቷ። «ሳይገባኝ ነው የተረጎምኩት።»

«አባትሽ ያውቅ ነበር።»

«እ?»

«እናንተ ስትወጡ ጠራኝ። ‹የሐኪሙ ፊትና የልጄ ቃል አልገጠመልኝም፣ እውነቱን ንገሪኝ› አለኝ። ነገርኩት። ‹ለሷ ግን እንዳትነግሪያት፤ ከሰማች ዳግመኛ በዚያ ቋንቋ አፏን አትከፍትም› አለ።»

ልጅቷ አፏን በመዳፏ አፍና አለቀሰች። ፍርሃቱ ግን አልለቀቃትም። አባቷ ችሎላታል፤ ሳይሰናበተው የቀረው ወንድሟ ግን ሳሎን ተቀምጧል።

ወደ ሳሎን ወጣች።

«ጋሼ… ሐኪሙ ይሻለዋል አላለም። አይድንም ነው ያለው። አልገባኝም ነበር፤ የገባኝ መስዬ ተናገርኩ።»

እናቷ ደረቷን ያዘች። ወንድሟ ቀና ብሎ አያት፤ አያት። እጁ ሲነሳ ዓይኗን ጨፈነች።

የሰማችው ግን፣ ከጎኑ ያለውን ባዶ ወንበር፣ እንድትቀመጥበት ወደ ራሱ ሲስበው ነው።