ዝም ያላለው ቃና

አስማረ የቀኝ እጁን ጣቶች ያጣው በ1998 ዓ.ም. ነው። ኒሯቅ ከተማ አጠገብ የማሳውን ዳር ሲያጸዳ ከጦርነት የቀረ ብረት ነካና ፈነዳበት። ከዚያ በፊት ሃያ ዓመት ሙሉ ያለ እሱ ማሲንቆ በአገሩ ሰርግ ተሰርጎ አያውቅም።

ሰቆጣ ውስጥ የሙዚቃ መቅጃ ቤት ያለው ምንዋጋው ወሬውን ሲሰማ አላስቻለውም። ዜማ የለየው ልጅ ሳለ ይህንኑ ሰው እየሰማ ነበር። አንድ አሮጌ ኪቦርድ አለው፤ በራሱ ድምፅ የማያወጣ፣ የተነካውን ቁልፍ በቁጥር ለኮምፒውተር የሚልክ።

“ጋሼ አስማረ፣ ቃናውን በግራ እጅዎ ይመርጣሉ፤ የደጋኑን ጭረት በእግርዎ ፔዳል ይሰጣሉ፤ ሲረግጡት ይጮኻል፣ ሲለቁት ይቆማል። የቀረውን እኔ በኮድ እጽፈዋለሁ” አለው።

የማሲንቆውን ድምፅ ከድሮ ካሴቶች ላይ እየቆረጠ አወጣ። ፕሮግራም መጻፍ ያስተማረው አልነበረም፤ ደሴ ሄዶ ከኢንተርኔት ያሳተማቸውን ወረቀቶች እያነበበ ነው የተማረው። ትእዛዝ ከመጻፍህ በፊት እያንዳንዱ ቁልፍ የሚልከውን ቁጥር በስክሪኑ ላይ አይተህ አረጋግጥ፤ አንድ ነገር ጨምረህ ሳትሞክር ሌላ አትጨምር ይላሉ ወረቀቶቹ። መብራት በመጣ ቁጥር እየተቀመጠ በአራት ወሩ ጨረሰው። አስማረ መጀመሪያ የተጫወተ ዕለት ባለቤቱ አመተ ሥላሴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች።

ሰርግ ተጠሩ። ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ልምምድ ላይ፣ አንድ ቃና አልቆም ብሎ ጮኸ። ምንዋጋው ፕሮግራሙን ዘግቶ ሲከፍተው ቃናው ቆመ። ምክንያቱ ገብቶታል፤ እግር ፔዳሉን ሳይለቅ ጣት ወደ ሌላ ቃና ከተሻገረ፣ ኋላ እግሩ ሲለቅ “አቁም” የሚለው ትእዛዝ የሚሄደው ለአዲሱ ቃና ነው፤ የፊተኛው እንደጮኸ ይቀራል። ግን በዚህ ሰዓት ኮዱን ብነካው የሚሠራውም ይበላሽብኛል ብሎ ፈራ። ለአስማረ፣ መብራቱ ነው ያስቸገረን አለው።

ሰርጉ ሲደምቅ የአስማረ ጣቶች ፈጠኑ። አንድ ቃና እንደጮኸ ቀረ፤ በላዩ ሌላ፣ በላዩ ሌላ። ፔዳሉን ደጋግሞ ቢረግጠው ባሰበት። እስክስታ የሚመታው ሁሉ ቆመ፤ ከዳር አንዱ ሳቀና ሳቁ ዳሱን አዳረሰው። ምንዋጋው ሮጦ የድምፅ ማጉያውን ገመድ ሲነቅል አስማረ ተነስቶ ወጥቶ ነበር።

በማግስቱ ምንዋጋው የጮኸውን ቃና መዝግበው፣ እግር ሲለቅ ያንኑ የሚያቆሙ አራት የኮድ መስመሮች ጨመረ፤ ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀበትም። ከዚያ ኪቦርዱንና ላፕቶፑን ይዞ ኒሯቅ ወረደ።

“መብራቱ አልነበረም” አለ፣ ገና ሳይቀመጥ። “ከሰርጉ በፊት አውቄው ነበር።”

አስማረ፣ “ለምን አልነገርከኝም?” አለው።

“የሚሠራው እንዳይበላሽ ፈርቼ።”

“ብትነግረኝ ኖሮ በዝግታ እጫወት ነበር።”

ምንዋጋው ይህ አንድም ቀን አልታሰበውም ነበር። አሁን ተስተካክሏል፣ አንዴ ይሞክሩት ብሎ ለመነው። አስማረ ግን ሰው ከሳቀብኝ በኋላ አልነካውም አለ፤ በቁጣ ሳይሆን፣ እንደደከመው ሰው ነው።

በሁለተኛው ክረምት አስማረ ታሞ ሰቆጣ ሆስፒታል ተኛ። ምንዋጋው በየቀኑ ይጠይቀው ነበር። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማሽላው ያወራሉ። ሙዚቃን ግን አስማረ እስኪሞት ድረስ አንዳቸውም አላነሱም።