ጡሩምባ ያለ ስም አይነፋም

አረጋሽን ሙሾ ያስተማራት የለም። እህቷ ዘርፉ ወደ ምዕራብ ተድራ ሄዳ፣ እዚያ ሁከት ሲነሣ ስልኳ ተዘጋ፤ እንደተዘጋም ቀረ። ሬሳ አልተገኘ፣ መርዶ የነገራት የለ፣ አረጋሽ ለቅሶ ልትቀመጥ አልቻለችም። ስለዚህ ሰው በሞተ ቁጥር እየሄደች በሰው አስከሬን ላይ እህቷን ታለቅስ ጀመር። በዚሁ ስሟ ወጣ። በአዳማ በእነሱ ሰፈር «አረጋሽ ያላለቀሰችለት ሰው ገና በደንብ አልሞተም» እስኪባል ድረስ።

አቶ ማስረሻ ለተፈናቃዮች ገቢ ማሰባሰቢያ ሲደግስ መጀመሪያ ያስጠራው እሷን ነበር። ማስረሻ የሲሚንቶ ነጋዴ ነው፤ የሰፈሩ እድር ዳኛም ነው። በሞጆ መንገድ ዳር ያለውን አሮጌ መጋዘኑን ለተፈናቃዮች ማደሪያ ሰጥቷል። መስጠቱን ያልሰማ አዳሜ ካለ ትናንት የተወለደ ነው።

ነገሩን የጀመሩት የሰፈሩ ሴቶች ነበሩ። በእድር ስብሰባ ላይ አንድ የፕላስቲክ ሳህን አዞሩ፤ በደረሳቸው ፍራሽና ዱቄት ገዝተው ለመጋዘኑ ሰዎች አደረሱ። ማስረሻ ይህን ሲያይ «ትልቅ ሥራ በሳህን አይሠራም» አለና ኮሚቴ አቋቋመ። ሳህኑ ኮሚቴ ሆነ፣ ኮሚቴው የሆቴል አዳራሽ ተከራየ፣ አዳራሹ ባነር አማረው፣ ባነሩ ሲሰቀል ፎቅ የመሰለ ኬክ ታዘዘ። ለእንግዶቹ የሚታደል ቲሸርትም ተሠራ። ደረቱ ላይ የማስረሻ ፎቶ አለበት። የተፈናቃይ ፎቶ ለምን አልሆነም ብሎ የጠየቀ ሰው ነበር፤ «ሰው በሚያውቀው ፊት ነው የሚሰጠው» የሚል መልስ ተሰጠው።

በዝግጅቱ ቀን ረፋድ ላይ አዳራሹ ውስጥ ልምምድ ነበር። ፕሮግራሙን የምትመራው ሶፊ ወረቀቷን ይዛ ወዲያና ወዲህ ትላለች።

«እትዬ አረጋሽ፣ መጀመሪያ መብራቱ ይጠፋል። ጋሽ ብዙነህ ጡሩምባውን ይነፋል። ከዚያ እርስዎ በሙሾ ይገባሉ። ሰው ፍሪዝ ነው የሚያደርገው።»

ብዙነህ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ነው። ጡሩምባውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል።

«ማን ሞቶ ነው የምነፋው?» አለ።

«ማንም አልሞተም ጋሼ። ለፊሊንግ ነው።»

«ጡሩምባ ያለ ስም አይነፋም። ስም ሳልጠራ ብነፋ የምጠራው የራሴን ነው።»

«እንግዲያው የሆነ ስም ጥራና ንፋ» አለ ማስረሻ ከወዲያ ማዶ። የማይክራፎኑን ቁመት ከራሱ ቁመት ጋር እያስተካከለ ነበር።

ይህን ሲባባሉ ኦቦ ጫምሳ ገቡ። ከመጋዘኑ ሰዎች በዕድሜ ገፋ ያሉት እሳቸው ስለሆኑ መድረክ ላይ ወንበር ተዘጋጅቶላቸዋል፤ ለዚሁም ኮት ተውሰውላቸዋል። ኮቱን አልለበሱትም። በክንዳቸው ይዘውታል።

«ኮቱን ልመልስ ነው የመጣሁት» አሉ። «ቡዜ ሌሊት ዐረፈች።»

ቡዜ ሚስታቸው ናት። መጋዘኑ ከገባች ጀምሮ ሳል አልለቀቃትም። ወለሉ ቢጠረግ ቢጠረግ አቧራው አያልቅም ነበር።

ማስረሻ ማይክራፎኑን ትቶ መጣና ትከሻቸውን ያዘ። «ነፍስ ይማር። እግዚአብሔር ያጽናዎት። ቀብሩ መቼ ነው?»

«ዛሬ አሥር ሰዓት። ሰው ግን የለኝም። መጋዘን ያለነው ሽማግሌና ሕፃን ነን። ቃሬዛ የሚይዝ ጎልማሳ ብታበድረኝ ብዬ ነው።»

«ዛሬ ጎልማሳ ሁሉ እዚህ ነው የሚውለው ኦቦ ጫምሳ። ለእናንተው ብሎ እኮ ነው።» ማስረሻ ትንሽ አሰበ። «ለምን ነገ አያደርጉትም? ዛሬ መድረክ ላይ ወጥተው ይህንኑ ቢናገሩ የሰው አንጀት ይበላል።»

ሶፊ ወረቀቷን ማየት ጀመረች።

«በአዳማ ሙቀት ሬሳ ይደር ነው የምትለው?» አሉ ሽማግሌው። ድምፃቸው አልተቆጣም፤ የሰሙትን ለማረጋገጥ ብቻ ነበር።

«እድሩስ?» አለች አረጋሽ።

«እድር ለአባል ነው። ለአባል፣ ለአባት፣ ለእናት፣ ለወንድም፣ ለእህት። ደንቡን አንቺም ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። ማን የማያውቅ አለ? ደንቡን ያጠበቀው ራሱ ማስረሻ ነው። የአማቱ ቀብር ላይ ሰው ሳሳ ብሎ ተናዶ፣ ጡሩምባ ሰምቶ ከቀብር የቀረ አባል ይቀጣል፣ ከራሱ ሞት በቀር ሰበብ አይሰማም ብሎ አስወሰነ። ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ቀብር እንደ ሠርግ ሰው ይሞላዋል።

ኦቦ ጫምሳ ኮቱን ወንበሩ ላይ አስቀምጠው ወጡ። አረጋሽ በሩ ላይ ደረሰችባቸው።

«ሀገራችን ቢሆን» አሉ፣ «ለቡዜ ግቢው አይበቃም ነበር። እዚህ ብቻዋን ስትወጣ ሰው ምን ይላታል? ዘመድ የሌላት።»

«ይሂዱና አጠገቧ ይቀመጡ። ሰው ይመጣል።»

«ከየት?»

«ይመጣል አልኩዎት እኮ።»

ተመልሳ ብዙነህ አጠገብ ተቀመጠች። በእድሩ የተመዘገበች አንዲት እህት አለቻት፤ ለአንዲት እህት ደግሞ ጡሩምባ የሚነፋው አንዴ ነው።

«ስም አገኘሁልህ» አለችውና በጆሮው ነገረችው።

ብዙነህ ዞሮ አያት። «ነገ የዘርፉ ወሬ ቢመጣስ? ምን ብዬ ልነፋላት ነው? ድንኳንም የለ፣ ሰውም የለ።»

«አውቃለሁ።»

«አስበሽበታል?»

«ዘርፉ እዚያ ወድቃ ከሆነ አንድ የሰው ሀገር ሰው ጡሩምባ አስነፍቶላት ይሆናል። ንፋ።»

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። እድርተኛው ቲሸርቱን በሸሚዙ ላይ ደርቦ፣ ሴቶቹ ተረከዘ ረጅም ጫማ አድርገው፣ ኬኩን በዓይናቸው እየቆረሱ ተቀመጡ። መብራቱ ጠፋ። ብዙነህ ጡሩምባውን ሲነፋ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የአረጋሽ እህት ቡዜ ዐርፋለች። ቀብር በአሥር ሰዓት። አስከሬን የሚነሣው ከሲሚንቶ መጋዘኑ ነው። ከቀብር የቀረ በደንቡ ይቀጣል!»

በጨለማው አንድ ወንበር ተንቋቋ። ሌላውም። መብራቱ ሲበራ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር።

«ተቀመጡ እንጂ» አለ ማስረሻ በማይክራፎን። «ይሄ ፕሮግራሙ ነው። ትርኢት ነው።»

«በሞት ቀልድ የለም ያሉን እርስዎ ነዎት ጋሼ» አለ የእድሩ ገንዘብ ያዥ ሐዲስ፣ ወደ በሩ እየሄደ። «ባለፈው በሠርጌ ማግስት ሰበብህን አልሰማም ብለው ቀጥተውኛል።»

ማስረሻ ከመድረክ ወርዶ አረጋሽ ዘንድ መጣ። ዝቅ ባለ ድምፅ «የተመዘገበችው እህትሽ ስሟ ዘርፉ አልነበር?» አላት።

«ነው።»

«ታዲያ ይህቺ ቡዜ ናት።»

«የሞተችው ቡዜ ናት። ዘርፉ ሞታለች ያለዎት ማን ነው?»

አረጋሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሰዉን ተከተለች። አዳራሹ ውስጥ የቀረው ማስረሻ፣ ሶፊና ኬኩ ነበር። ሶፊም ጥቂት ቆይታ ከሆቴሉ ሠራተኛ ነጠላ ተውሳ ወጣች።

የቡዜ ቃሬዛ ከመጋዘኑ ወጣ። የተሸከሙት ጎልማሶች ቲሸርቱን ለማውለቅ ጊዜ አላገኙም፤ ስለዚህ ቡዜ በማስረሻ ፈገግታ ተከባ ሄደች። ማስረሻ ራሱ መጨረሻ ላይ ላብ እየጠረገ ደረሰ። ዳኛም ቢሆን ይቀጣል፤ የራሱ ደንብ ነው።

መቃብሩ ዳር አረጋሽ ቆመች። ሌላ ጊዜ ሙሾው የሚመጣላት ዘርፉን እያሰበች ነበር። ዛሬ ዓይኗን ከቃሬዛው አላነሣችም።

ቡዜ ባለ አጥሯ፣ ባለ ሰፊ ደጅ፣
ሲሚንቶ አስታመማት፣ ሰው አይደለም እንጅ።

ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። ማስረሻ ጫማውን አየ። ጫማው ላይ ከመጋዘኑ የተነሣ ነጭ አቧራ ነበር።

ሲመሽ የእድሩ ድንኳን መጋዘኑ ደጅ ተተከለ። ኬኩም እንዳይበላሽ ተጭኖ መጣና ከንፍሮው ጎን ተቆርሶ ታደለ፤ ክሬሙን የመጋዘኑ ልጆች ጨረሱት። ሴቶቹ የፕላስቲክ ሳህኗን ከየት እንዳመጧት አይታወቅም፤ ማንም ንግግር ሳያደርግ ከእጅ ወደ እጅ ዞረች።

ኦቦ ጫምሳ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ድንኳኑ ከዳር እስከ ዳር ሲሞላ ያዩ ነበር።

«አዴ አረጋሽ፣ ይህ ሁሉ ሰው ቡዜን ከየት አወቃት?»

«አያውቃትም። ቅጣት ፈርቶ ነው።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ንፍሮ ዘግነው እጇ ላይ አደረጉላት።

«ይሁን» አሉ። «የእኛም ሀገር እድር እንዲሁ ነበር። ቡዜን እህቴ ብለሽ ነው አሉ ያስነፋሽላት። ያንቺዋስ እህት፣ ስሟ ማን ነው?»

አረጋሽ ስሙን ለመናገር ሞከረች፣ ንፍሮው እጇ ላይ እንዳለ። ከዚያ፣ ያለ ሙሾ፣ አለቀሰች።