ወፍራሟ በምድር ቤት

ጥቁር ተለብሶ ስለ ሞት የሚዘፈንበትን የጨለማ ሙዚቃ የሚጫወት ባንድ ለማቋቋም መጀመሪያ የልብስ ማጠቢያ ተራ መያዝ አለብሽ ቢሏት፣ ዚልከ አታምንም ነበር። እሷና አባቷ ጀርመን፣ ዶርትሙንድ ከተማ በሚኖሩበት ሕንፃ ግን ከምድር ቤቱ የማጠቢያ ክፍል በቀር ጩኸት የሚችል ቦታ አልነበረም። በሩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ረቡዕ የጎረቤታቸው የወይዘሮ ሺማንያክ ነው፤ ሌሎቹም ቀኖች ባለቤት አላቸው። ባዶ የነበሩት ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ናቸው። ዚልከ በሁለቱ ላይ «ባንድ» ብላ በእርሳስ ጻፈች። ወይዘሮ ሺማንያክ ደግሞ ከሥር በቀይ እስክሪብቶ «ከቀኑ ሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀጥታ!» ብለው ጨመሩበት። ሞትን እንኳ አንፈራም የሚሉት ጥቁር ለባሾች ያቺን የፀጥታ ሰዓት አንድም ቀን ሳይጥሱ ኖሩ።

ባንዱ ሁለት ሰው ነው። ዚልከ ሃያ ዓመቷ ነው፤ ጠዋት ዳቦ ቤት ውስጥ ዳቦ ትሸጣለች፣ ግጥም ትጽፋለች፣ ትዘፍናለች። ቶርስተን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሲሆን፣ ሽቦ ካልነካ ምግብ የማይስማማው ዓይነት ልጅ ነው። በመጀመሪያ ራሳቸውን «የመቃብር አበባ» ብለው ሰየሙ።

«የቀብር አበባ ሱቅ ከፈታችሁ እንዴ?» አሉ ወይዘሮ ሺማንያክ ደረጃው ላይ አግኝተዋቸው። «የኔ ቀን ሲደርስ ቅናሽ እንዳትረሱ።»

ስሙ እዚያው ደረጃው ላይ ቀረ። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያዎቹ ዘፈኖቻቸውም ቢቀሩ የሚቆጨው ሰው አልነበረም።

ነገሩን የቀየረው አንድ መዶሻ ነው። የዚልከ አባት ኤገን በብረት ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ግዙፍ የእንፋሎት መዶሻ ሥር ሠርቷል። ሠራተኞቹ መዶሻዋን «ወፍራሟ» ይሏታል። ፋብሪካው ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ዚልከ የአባቷን ምሳ ለማድረስ በሚል ሰበብ ገባች፤ በምሳው ቦርሳ ውስጥ መቅረፀ ድምፅ ደብቃ ነበር። ቶርስተን ካሴት ላይ የቀዳችውን የመዶሻዋን ምት ወደ ዲስኬት ገልብጦ በሙዚቃ ቁልፍ ሰሌዳው እንዲጫወት አደረገው። የምድር ቤቱ መስኮት ተንቀጠቀጠ። ያን ቀን ባንዱ ዳግመኛ ተወለደ፤ ስሙም «ቀዝቃዛ ፈረቃ» ሆነ። ካሴታቸው ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ሄዶ፣ በዓመቱ በጎረቤት ከተማ በቦሁም ባለ አሮጌ አዳራሽ ቅዳሜ ምሽት እንዲጫወቱ ተጠሩ።

ሊጫወቱ አራት ቀን ሲቀራቸው፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ቶርስተን ዲስኬቱን ከስፒከሩ አናት ላይ አገኘው። ሳምንቱን ሙሉ እዚያ ተቀምጦ ኖሯል። የስፒከር ማግኔት ደግሞ ለዲስኬት ምሕረት የለውም።

«ጠፍቷል» አለ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ዋናው ካሴትስ?»

«እሱማ… ላዩ ላይ ሌላ ነገር ቀዳሁበት። ባዶ ካሴት አልነበረኝም።»

«አንተ የተረገምክ! ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ ትላለህ ደግሞ!»

በሸጧቸው ካሴቶች ላይ ያለው ምት ከዘፈኑ ጋር ተቦክቷል፤ ሊጥ ውስጥ የገባ ጨው ተለቅሞ አይወጣም። ወፍራሟ ራሷ ደግሞ ተቆራርጣ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ተሽጣለች። ቶርስተን ተራ የከበሮ ማሽን እንጠቀም አለ። ዚልከ እምቢ አለች። የፈራችው ለባንዱ ብቻ አልነበረም። አባቷ ከፋብሪካው ከወጣ ጀምሮ ወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ተቀምጦ ይውላል፤ ከዕድሜው የቀረው ያ ድምፅ ብቻ መሰላት፣ እሱንም ያጠፉት እነሱ ናቸው።

ወደ ቤት ወጣችና አባቷ ፊት ቆመች።

«አባዬ፣ ወፍራሟን ሰርቄ ነበር።»

«ምን?»

«ድምጿን። ምሳህን ያመጣሁልህ ቀን። አሁን ግን ጠፋብን።»

ኤገን «እስቲ የሠራችሁባትን አሰሙኝ» ብሎ ተነሣ።

ምድር ቤት ወርዶ፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ካሴቱን እስከ መጨረሻው ሰማ። ራሱን ነቀነቀ።

«ይቺ ወፍራሟ አይደለችም። ሰዓት አደረጋችኋት እኮ! ወፍራሟ ትተነፍሳለች። ትመታለች፣ ትመታለች፣ ከዚያ እንፋሎት እስክትሰበስብ ትዘገያለች። ሠላሳ አንድ ዓመት እጄን ከሥሯ ያወጣሁት በዚያች መዘግየት ነው።»

በማግስቱ ከጓሮ አትክልቱ የባቡር ሐዲድ ቁራጭና መዶሻ ተሸክሞ መጣና መምታት ጀመረ። ቀኑ ረቡዕ ነው። ወይዘሮ ሺማንያክ የልብስ ቅርጫታቸውን ታቅፈው በሩ ላይ ብቅ አሉ። ሟች ባላቸውም የዚያው ፋብሪካ ሰው ነበሩ። ሴትዮዋ ጥቂት አዳመጡ፣ ከንፈራቸውን መጠጡ፣ ተራቸውን ትተው ከነቆሻሻ ልብሳቸው ተመለሱ።

«አቶ ኤገን» አለ ቶርስተን ቀስ ብሎ፣ «ዜማውን የሚደግመው ማሽን እኮ እርስዎን መጠበቅ አይችልም።»

«እኔም ማሽን መጠበቅ ሰልችቶኛል። አንተ ጠብቀኝ።»

ቶርስተን የማሽኑን ሽቦ ነቀለና የቁልፍ ሰሌዳውን ቁልፎች በእጁ መምታት ጀመረ። መጀመሪያ ተሳሳተ፤ ተሰደበም። ዓርብ ማታ ላይ ሦስቱ አንድ ላይ መተንፈስ ጀመሩ።

ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ሁለት መቶ ጥቁር ለባሽ ቆሟል። ኤገን በሰማያዊ የሥራ ልብሱ መድረኩ ላይ ሲወጣ ከፊት የቆመ አንድ ጎረምሳ «ቧንቧ ጠጋኙ መጣ!» አለ፤ ብዙዎች ሳቁ። ዚልከ ባንዱ ቢዋረድ ግድ የላትም፤ አባቷን ግን በእጇ ጎትታ ለመሳቂያ አቅርባዋለች።

ኤገን መታ። ደገመ። ዘገየ። እንደ ሰዓት የሚቆጥር ሙዚቃ የለመዱት ጨፋሪዎች እግራቸው አየር ላይ ቀረ፤ እርስ በርስ ተጋጩ። እንደገና መታ፣ ደገመ፣ ዘገየ። በአራተኛው ዙር ያ ተሳዳቢ ጎረምሳ ሳይቀር ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ፣ ከዚያም ሁለት መቶ ጫማ ባንድ ጊዜ ወለሉ ላይ አረፈ። አዳራሹ ተናወጠ።

ዚልከ ዞራ አባቷን አየችው። ወገቡ ቀጥ ብሏል፣ አንገቱን ላብ አጥምቆታል፣ ፊቱ ላይ ለአንድ ዓመት ያላየችው ሰው ተቀምጧል። እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። መዝፈን የምትጀምርበት ቦታ መጥቶ አለፈ፤ እሷ ግን ታለቅሳለች።

ኤገን ምቱን ሳያፈርስ ቀና ብሎ ጮኸባት።

«አንቺ! ሥራ ላይ ነን እኮ፤ ዝፈኚ!»

ዘፈነች።