ስትስቅ ዋለች

የሚጣ እናት ሐሞትሽ ውስጥ ጠጠር አለ ከተባለች ሁለት ዓመቷ ነው። ሁለቴ ለኦፕራሲዮን ተቀጥራ ሁለቴ ቀርታለች፤ ሚጣን ለማን ጥላ? ስሟ እንዳያታልላችሁ፣ ሚጣ የሃያ አራት ዓመት ሴት ናት። ኦቲዝም አለባት፣ ቃል ከአፏ አይወጣም፣ እስከ ትናንት ከእናቷ ተለይታ አድራ አታውቅም ነበር። ሦስተኛው ቀጠሮ ነገ ጠዋት ነው። ሐኪሙ፣ «ይሄም ካለፈዎት ከኔ ይልቅ ቀባሪ ይፈልጉ» ብሏታል። ሐኪም ሲቀልድ ደግሞ አያምርበትም።

ስለዚህ ልቧን አጠንክራ ትናንት ወደ ማረፊያ ቤቱ ወሰደቻት። ቤተሰብ ትንሽ እንዲተነፍስ እንዲህ ያሉ ልጆችን ለጥቂት ቀን ተቀብሎ የሚያሳድር ቤት ነው። አራት ገጽ ሙሉ ጽፋ ሰጠች፦ ሻይ በሰማያዊው ኩባያ፣ ዳቦው ጠርዙ ተቆርጦ፣ ስትተኛ በሩ ገርበብ ይበል፣ ፀጉሯን ከኋላ ማንም እንዳይነካት። የተቀበለቻቸው ተንከባካቢ፣ ሠላሳ ያልሞላት ዝምተኛ ሴት፣ እዚያው ቆማ ሁለቴ አነበበችው። እናት ግን እንኳን ሰው፣ መላእክት ቢጠብቁላትም አታምንም።

ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ደወለች።

«ሚጣዬ እንዴት ናት?»

«ኧረ በጣም ደህና ናት፤ ከጠዋት ጀምሮ እየሳቀች ነው» አለች ተንከባካቢዋ።

እናት ስልኩን ዘጋችው ከማለት ወረወረችው ማለት ይቀላል። ሚጣ የምትስቀው ሲያማት ነው። ሕፃን ሆና ጆሮዋ መግል ሲቋጥር ስቃለች፤ እግሯ በፈላ ውሃ ሲቃጠልም ስቃለች። ሰው ሁሉ «ስትስቅ ደስ የምትል ልጅ» ሲል፣ እናቷ ብቻ ያንን ሳቅ ስትሰማ የት እንዳመማት መፈለግ ትጀምራለች።

ታክሲ ውስጥ ራሷን እየረገመች ሄደች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፤ እኔ ልዳን ብላ ልጇን ለባዳ ሰጠች። ሾፌሩ ቀይ መብራት ላይ ሲቆም፣ «አንተ ሰውዬ፣ ልጅ የለህም?» አለችው። ምስኪን፣ ምን ያድርግ? መብራቱን እሱ አላበራው።

በሩ ላይ ዘበኛው፣ «ጉብኝት ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው፤ ወላጅ ሲመጣ ልጆቹ ይረበሻሉ» አላት። በክርኗ ገፋ አድርጋው አለፈች። ሚጣ መኝታ ክፍሏ ወለል ላይ ተቀምጣ እየተወዛወዘች ትስቃለች። ግንባሯን ላብ አጥምቆታል፣ ግራ እጇ በሹራቧ እጅጌ ውስጥ ተደብቋል። እናት ተንበርክካ እጅጌውን ቀስ አድርጋ ሰበሰበችው። መሃል ጣቷ አብጧል፣ ጥፍሩ ጠቁሯል። የቁምሳጥኑ መሳቢያ ጠርዝ ላይ የደረቀ ደም አለ።

የእናት ደም ፈላ። «ዓይንሽ የት ነበር? ያንን ሁሉ የጻፍኩት ለግድግዳው ነው? በደንብ ብታነቢው ኖሮ ልጄ ግማሽ ቀን እንዲህ ባልተሰቃየች።»

ተንከባካቢዋ ፊቷ አመድ መሰለ። ሮጣ ነርሷን ጠራች። በረዶ መጣ፣ ማስታገሻ መጣ፣ ነርሷ ጣቱን ዳብሳ አጥንቱ ደህና መሆኑን ተናገረች። ሳቁ እየሳሳ ሄዶ ቆመ፤ ሚጣም እናቷ ትከሻ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ያን ጊዜ ተንከባካቢዋ አራቱን ገጽ አምጥታ አልጋው ላይ ዘረጋቻቸው።

«እጇን አለማየቴ ጥፋቴ ነው፣ አላስተባብልም። ግን እናቴ፣ የሳቁ ነገር የቱ ጋ ነው የተጻፈው? ያሳዩኝ።»

እናት ወረቀቱን ነጠቀቻት። አንደኛው ገጽ ላይ ኩባያው አለ፣ ዳቦው አለ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ በሩ አለ፣ ፀጉሩ አለ። አራተኛውን ጨርሳ ጀርባውን ገልብጣ አየች። የለም። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ አብሯት የኖረ ነገር ነውና ልጻፈው ማለት ትዝም አላላት፤ ሰው እተነፍሳለሁ ብሎ ይጽፋል እንዴ? ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ፀጉሯ እፍረት ወረራት። ከእፍረቱ ቀጥሎ ደግሞ ፍርሃት መጣ። ነገ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብታ ሳትነቃ ብትቀር፣ ሚጣ ሰው ሁሉ ደስ ብሏታል እያለ እየሳቀች ትሞት ነበር።

«አልጻፍኩትም» አለች።

ተንከባካቢዋ እስክሪብቶና ባዶ ወረቀት ይዛ አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«እንግዲያው አሁን ይንገሩኝ። ሲርባት?»

«ከንፈሯን ትነካካለች።»

«ስትፈራ?»

«ጆሮዋን ትይዛለች።»

«ስትናደድ?»

«ጫማዋን ታወልቃለች።»

«እርስዎ ሲናፍቋትስ?»

ይሄንን እናት ራሷም አታውቀውም። እስከ ትናንት አንድም ቀን ተለይታት አታውቅማ። ትከሻዋ ላይ የተኛውን የሚጣን ራስ ቀስ ብላ አንስታ ከአልጋው በሳበችው ትራስ ላይ አስደገፈችው፣ ቦርሳዋን ያዘችና ተነሳች።

«እሱን አንቺ ትነግሪኛለሽ» አለች።