ቁመቱን እስኪያክል

«ፎቶውን አውጪው እንጂ፣ ብርኔ! ምን ይዘን እናልቅስ?»

አልቃሿ አስናቀች ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ መሀል ቤት ቆማለች። የመምህር ሰይፈሥላሴ ሣልስት ነው። ከሞርሲቶ የመጡት የቀድሞ ተማሪዎቹ ንፍሮ መቃማቸውን ትተው ሚስቱን ብርነሽን አዩ። ሰውየው ሆሳዕናን በሙሉ ፎቶ ሲያነሳ ኖሮ ለራሱ ለቅሶ የሚሆን አንዲት ወረቀት እንኳ አልተወም፤ ጉድ እኮ ነው። ስላይድ ብቻ ነበር የሚያነሳው፤ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ መዳፍ የሚሞላ ትልቅ የፊልም ቁራጭ። «ወረቀት ላይ ብርሃኑ ከላይ ነው የሚያርፈው፤ እዚህ ግን ሰው ውስጥ ያልፋል» ይል ነበር።

እሱ ራሱ ያለበት ስላይድ አንድ ብቻ ነው። ከጎኑ ግን አክሊሉ ቆሟል።

አክሊሉ አንድ ልጃቸው ነበር። በቀይ ሽብር ገደሉት። በማግስቱ የቀበሌው ሊቀመንበር ወልደኪዳን መጥቶ «ለአናርኪስት ለቅሶ የለም» አለ፤ ብርነሽም ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሳታስር ቀረች።

ከዚያ ወዲህ ሰይፈሥላሴ ማታ መብራት ሲመጣ መስኮቱን ዘግቶ በስላይድ ማሳያ ማሽኑ ልጁን ግድግዳው ላይ ያቆመው ነበር። ግድግዳው ላይ የልጁን ቁመት የለካበት የእርሳስ ምልክት አለ። የአክሊሉ ጭንቅላት እዚያ እስኪደርስ ማሽኑን ከነጠረጴዛው ወደ ኋላ ይስበዋል። የሹራቡ ክር አንድ በአንድ ይታያል።

«ዞር በይና እዪው እንጂ፤ መጥቷል እኮ» ይላታል።

እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጣለች። ካየችው እንደምትጮኽ ታውቃለች፤ ጩኸቷ ደግሞ ባሏንም ያስወስድባታል። የማሽኑ ማራገቢያ ሲያጉረመርም ልጇ ከኋላዋ የሚተነፍስ ይመስላትና ትፈራ ነበር።

አሁን ባሏም የለም። የቀራት ስላይዱ ነው። ወልደኪዳን ካኪውን እንደለበሰ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ስላይዱን ከወሰደባት ልጇ ሁለተኛ ሞተ ማለት ነው።

«መስኮቱን ዝጉልኝ» አለች።

የማሽኑን አሠራር የተማረችው በጆሮዋ ነው። ስታበራው አባትና ልጅ ግድግዳው ላይ ወጡ።

«ወይዘሮ ብርነሽ፣ ይጥፋ!»

ወልደኪዳን ብድግ ብሎ ወደ ማሽኑ መጣ። ብርሃኑ መሀል ሲገባ አክሊሉ ካኪው ላይ አረፈ፤ የልጁ ዓይኖች ከሰውየው የደረት ኪስ በላይ ሆኑ። ሰውየው አቧራ እንደሚያራግፍ ደረቱን ጠረገ። ልጁ እጁ ላይ ወጣ። ደግሞ ጠረገ። ከዚያ በሩን ከፍቶ ሄደ። ዘበኛ ሊጠራ ይሁን ሊሸሽ፣ ማንም አላወቀም።

«የማንን ስም ልጥራ?» አለች አስናቀች፣ ቀስ ብላ።

ብርነሽ ዞራ ልጇን አየችው። አጥሮባት ነበር። ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ኋላ ሳበችው፣ ጭንቅላቱ የእርሳሱ ምልክት ላይ እስኪደርስ።

ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረች።